የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመዋጮ ድረ ገጽ ስንት ገጽ ይበቃዋል?

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት ገንዘብ ለማሰባሰብ የተከፈቱ ድረ ገጾችን ይመለከታሉ። ጠያቂዎቹ በሙሉ የሚጠቀሙት ዎርድፕሬስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ በመሆኑ መልሱም በዚያው ላይ የተመሠረተ ነው። በሌላ መሣሪያ የምትሠሩ አንባቢያን የአዝራሮቹ ስም ቢለያይባችሁም ምክሩ ለእናንተም ይሆናል። የጠያቂዎቹን ስም በራሳቸው ፍላጎት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በዘጌ የሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ለቤተ መጻሕፍት እድሳት፣ ለዴስክና ለውኃ ታንከር ገንዘብ የምናሰባስብበት ድረ ገጽ አሠርተናል። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። አሁን እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል አንድ ገጽ እንዲከፈት እየጠየቀ፣ የትምህርት ቤቱ ታሪክ፣ የሊቀ መንበሩ መልእክት፣ የፎቶ ማኅደር እየተባለ ገጾቹ 14 ደርሰዋል። ሜኑው በስልክ ሲከፈት ማለቂያ የለውም። የትኛውን እናስቀር? ወደፊትስ አዲስ ገጽ ሲጠየቅ በምን መለኪያ እንፍቀድ?
የማኅበር ጸሐፊ፣ ከዘጌ

መልስ፦ ክቡር ጸሐፊ፣ የኮሚቴው አባላት ፍላጎት ለትምህርት ቤታቸው ካላቸው ፍቅር የመነጨ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይነበባል። ስለዚህ «አይከፈትም» ብሎ ከመከልከል ይልቅ ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ ቢወጣ ይሻላል። የምመክረው መለኪያ ሁለት ጥያቄ ነው። ይህ ገጽ፣ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደ ሰው በእርግጥ የሚጠይቀውን ነገር ይመልሳል ወይ? ከስድስት ወር በኋላስ በገጹ ላይ ያለውን መረጃ የሚያድስ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው አለ ወይ? ለሁለቱም «አዎ» የሚል መልስ ያላገኘ ገጽ ባይከፈት ይመረጣል። ያረጀ መረጃ የያዘ ገጽ ጭራሽ ካለመኖሩ የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ «ግንባታው በሚቀጥለው ወር ይጀመራል» የሚል ጽሑፍ ዓመት ሙሉ ተለጥፎ ያየ ሰው የማኅበሩን ሒሳብም በዚያው ዓይን ያየዋልና።

ለጋሽ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ገንዘቡ ለምን ይውላል? ማን ይረከበዋል? በምን መንገድ ልስጥ? እስካሁን የተሰጠው የት ደረሰ? እናንተስ እነማን ናችሁ? ከ14ቱ ገጾች እነዚህን የሚመልሱት ይቆዩ፣ የተረፉት ወደ እነርሱ ይጠቃለሉ። የትምህርት ቤቱ ታሪክና የሊቀ መንበሩ መልእክት «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ ውስጥ አንዳንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል። ይህን ስል ታሪኩን ማሳነሴ አይደለም፤ የቀድሞ ተማሪዎችን ልብ የሚያነሣሣው እርሱ ነው። ሆኖም ገንዘብ ሊልክ የመጣ ሰው ታሪኩን ሳያነብ ወደ ፈለገበት መድረስ መቻል አለበት። የፎቶ ማኅደሩን ግን ጨርሳችሁ ብትተዉት እመርጣለሁ። ፎቶ ጥቅም የሚሰጠው ከሚያስረዳው ነገር አጠገብ ሲቀመጥ ነው፤ የተሰበረው ዴስክ በዴስኩ ገጽ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ይታይ።

ለብቻቸው ገጽ የሚገባቸው የዴስኩ፣ የቤተ መጻሕፍቱና የውኃ ታንከሩ ሥራዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም፣ የሚያልቁበት ጊዜም፣ የሚረከባቸው ሰውም ይለያያልና። የዴስኩን ገጽ ለአብነት እንውሰድ። «ዴስክ እንግዛ» ብሎ ብቻ የሚማጸን ገጽ ሞልቷል። የእናንተው የአንዱን ዴስክ ዋጋ፣ ዋጋው የተወሰደበትን ፕሮፎርማና ፕሮፎርማው የተጻፈበትን ቀን ይያዝ፤ ገበያው በሚዋዥቅበት ጊዜ ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ ሙግት ያስነሣል። ዴስኩ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባም ሆነ በመኪና የሚጓጓዝበትን ሒሳብ፣ ከወረደበት እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ለሚሸከሙት ሰዎች የሚከፈለውን ጭምር፣ ለብቻው አሳዩ። አንዳንድ ማኅበራት ይህን ወጪ በዴስኩ ዋጋ ውስጥ ቀላቅለው ያስገቡታል። ኋላ ላይ አንድ ለጋሽ በባሕር ዳር ከሚገኝ የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ቤት ዋጋ ጠይቆ ልዩነት ሲያገኝ፣ በሐቅ የወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ዴስኩ ሲደርስም የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ እንደሚያደርገውና የሞዴሉ ፎቶ በዚሁ ገጽ ላይ እንደሚወጣ ከወዲሁ ጻፉ። ለጋሹ ከማንኛውም የምስጋና ቃል አብልጦ የሚያምነው ያን ወረቀት ነው።

የአስተዳደር ወጪ ካላችሁ አትሸሽጉት። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚተዳደርና ለጠቅላላው ሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት፣ የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። የእናንተ ወጪ ከዚያ የሚያንስ ከሆነ፣ ቁጥሩን ከምዝገባ ቁጥራችሁ ጋር «ስለ እኛ» ገጽ ላይ ማስፈሩ ያስከብራችኋል።

አሠራሩን በተመለከተ ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስበው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ነው። በየገጹ ግርጌ እየተቀዳ የተለጠፈ ቁጥር፣ ባንኩ ወይም የቴሌብር ቁጥሩ በተቀየረ ጊዜ ከገጾቹ በአንዱ ላይ ሳይታረም ይረሳና ገንዘብ ወደማይገባው ቦታ ይላካል። ቁጥሩ «እንዴት ልስጥ» በሚለው ገጽ ላይ ብቻ ይቀመጥ፣ ሌሎቹ ገጾች በአዝራር ወደዚያ ይምሩ። በሁሉም ገጽ ላይ መታየቱ ግድ ከሆነ፣ ዎርድፕሬስ አንድ ቦታ ሲታረም በሁሉም ገጾች ላይ የሚታረም ብሎክ (የገጽ ክፍል) ስላለው በእርሱ ተጠቀሙ እንጂ እየቀዳችሁ አትለጥፉ።

የሜኑው ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት ይቀላል። ገጽና ሜኑ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ገጽ ተከፍቶ፣ ሊንኩም እየሠራ፣ በሜኑ ላይ ግን ላይታይ ይችላል። በሜኑ ማስተካከያው ውስጥ፣ አዲስ ገጽ በወጣ ቁጥር በራሱ ወደ ሜኑው እንዲገባ የሚያደርግ ምርጫ በብዙ ዲዛይኖች ላይ አለ፤ የእናንተን ሜኑ ያስረዘመውም እርሱ ይመስለኛል። አጥፉትና ሜኑው ላይ አራት ወይም አምስት ገጽ ብቻ አስቀሩ። የሦስቱ ሥራዎች ገጾች በሜኑው ላይ «ሥራዎቻችን» በሚለው ሥር ይግቡ።

ገጽ ስትቀንሱ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ጊቭ ደብሊው ፒ ያሉ የመዋጮ ፕለጊኖች (በዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመሩ ፕሮግራሞች) ሲጫኑ፣ ክፍያው መሳካቱንና አለመሳካቱን የሚገልጹ ገጾችን በራሳቸው ይከፍታሉ። ማንም ሰው ስላልጻፋቸው ትርፍ ይመስላሉ። ከጠፉ ግን ለጋሹ ከፍሎ ሲጨርስ «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይገጥመዋል፤ ገንዘቡ በትክክል ገብቶ ሳለ እንደ ተበላ ይቆጥረዋል። እነዚህን ገጾች አታጥፏቸው፤ ይልቁንም በእንግሊዝኛ የመጣውን ጽሑፍ በአማርኛ ተኩት፣ ደረሰኙ መቼ እንደሚላክና ችግር ሲያጋጥም የሚደወልበትን ስልክ ጨምሩበት። ከዚህ በፊት በስሕተት የጠፋ ካለ፣ የተጣለ ገጽ በመጣያው ውስጥ 30 ቀን ስለሚቆይ ከዚያ መመለስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምንኖር የደቅ ደሴት ተወላጆች ነን። ምጥ የያዛቸውን እናቶችና ሕመምተኞችን ከደሴቱ የምታመላልስ የሞተር ጀልባ ለመግዛት ገጽ ከፍተናል። የገጹን ሊንክ በቴሌግራም ስንልከው የፐርሰንት ምልክትና ቁጥር የተደበላለቀበት ረጅም ጽሑፍ ይሆናል፤ ግማሹ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ አልከፈት ያላቸውም አሉ። የገጹን አድራሻ ስንቀይረው ደግሞ በባነር ላይ ያሳተምነው ኪው አር ኮድ መሥራት አቆመ። ምን እናድርግ?
የአስተባባሪ ኮሚቴ አባል፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሊንኩ እንዲያ የሚሆነው የገጹ ርእስ በአማርኛ ስለ ተጻፈና ዎርድፕሬስ አድራሻውን ከርእሱ ስለሚወስድ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ ወደ አድራሻ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት አንድ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ሌሎች ምልክቶች ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ፊደል 9 ምልክት ይፈጃል ማለት ነው። ዎርድፕሬስ ለአንድ ገጽ አድራሻ የሚመድበው ቦታ 200 ምልክት በመሆኑ፣ ርእሳችሁ ከ22 ፊደል ካለፈ ቀሪው ተቆርጦ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ርእሱ በአማርኛ እንደ ሆነ ይቆይ፤ የአድራሻው ክፍል ብቻ በላቲን ፊደል አጭር ቃል፣ ለምሳሌ «jelba» የሚለው፣ ይጻፍበት። ይህ መደረግ ያለበት ገጹ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና በረቂቅ ሳለ ነው።

የኪው አር ኮዱ ነገር የሚያሳዝን ቢሆንም ባነሩን ዳግም ማሳተም አያስፈልጋችሁም። ኮዱ በውስጡ የያዘው የቀድሞውን አድራሻ ስለሆነ፣ ያንን አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ቋሚ መሸጋገሪያ ብታበጁለት እንደገና ይሠራል። ለዚህ የሚያገለግሉ ነፃ ፕለጊኖች አሉ፤ የቀድሞውን አድራሻ በአንዱ ሳጥን፣ አዲሱን በሌላው ታስገባላችሁ፣ ዓይነቱን 301 (የቋሚ መሸጋገሪያ መለያ ቁጥር) ትላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዎርድፕሬስ የአንድ ዜና አድራሻ ሲቀየር አሮጌውን ወደ አዲሱ በራሱ ይመራል፤ ለቋሚ ገጽ ግን ይህን አያደርግም። ገጹን ከሌላ ገጽ ሥር ማስገባትም እንዲሁ አድራሻውን ይቀይረዋል፤ ስሙን ሳትነኩ ሊንኩ የሚሞትባችሁ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ብሆን አንድ ጊዜ በባነር፣ በፖስተር ወይም በቤተ ክርስቲያን ዓውደ ምሕረት የተነገረ አድራሻን እንደ ታተመ ማኅተም ቆጥሬ ከቶ አልነካውም።

ሊንኩ ሲላክ አብሮ የሚመጣው ፎቶም ይታሰብበት። ወርዱ 1200፣ ቁመቱ 630 ፒክስል የሆነና ጀልባዋ የምታገለግላቸውን ሰዎች ወይም መሻገሪያውን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ምረጡ። ፎቶውን ቀይራችሁ ቴሌግራም ላይ አሮጌው እየመጣ ካስቸገረ፣ ቴሌግራም የቀድሞውን ይዞ ስለሚቆይ ነው፤ ዌብፔጅ ቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ስትልኩለት ያድሰዋል።

ጥያቄ፦ የዘመቻ ገጻችን እስከ መስከረም 30 ክፍት እንደሆነ አስታውቀን ሳለ አንድ ቀን ቀድሞ ተዘጋ። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ቅር ተሰኝተዋል። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?
የወጣት ማኅበር አባል፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የመዝጊያው ቀን የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መስከረም 30 እንደ ወትሮው ኦክቶበር 10 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ኦክቶበር 11 ይሆናል። ቀኑን ከዓምናው ከቀዳችሁ ልዩነቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ሌላው ምክንያት ሰዓቱ ነው። ሰዓት ሳይሞላ ሲቀር ብዙ ፕለጊኖች የቀኑን መጀመሪያ ይወስዳሉ፤ ያም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለሆነ ገጹ ቀኑ ሳይነጋ ይዘጋል። መዝጊያውን በማግሥቱ መጀመሪያ ላይ አድርጉት። በአጠቃላይ ማስተካከያው ውስጥም የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መባሉን ተመልከቱ፤ ካልተነካ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ይቆያል። በገጹ ላይ ስትጽፉ ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስፍሩ።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ የልብ ሕመም አለበት። ለሕክምናው ገንዘብ እንዲሰበሰብ በማኅበራችን ድረ ገጽ ላይ ገጽ ተከፍቶለታል። ሰው እንዲያምነን ብለን የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔውንና የልጁን ፎቶ አስገባን። አሁን ዘመዶቻችን ስለ ወረቀቱ ሠግተዋል። ገጹን በፓስወርድ ብንዘጋው ይበቃል?
አጎት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እግዚአብሔር ልጁን ይማርላችሁ። ፓስወርዱ አይበቃም። ፓስወርድ የሚዘጋው የገጹን ጽሑፍ ነው፤ የወረቀቱ ምስል የራሱ አድራሻ ስላለው ያን አድራሻ የያዘ ሰው ያለ ፓስወርድ ይከፍተዋል። ገጹን ብታጠፉትም ምስሉ ከሚዲያ ማኅደሩ አይወጣም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ሚዲያ ማኅደሩ ገብታችሁ ምስሉን በቋሚነት ሰርዙት።

በምትኩ የሚገባው ቅጂ የልጁ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥሩ፣ የእናቱ ስልክና የመኖሪያ አድራሻው የተሸፈነበት መሆን አለበት። ሽፋኑን በስልክ ማስተካከያ ብዕር አትሥሩት፤ የአንዳንዱ ብዕር ቀለም ስስ በመሆኑ ብርሃኑ ከፍ ሲደረግ ከሥሩ ያለው ቁጥር ይነበባል። ቁራጭ ወረቀት በላዩ አስቀምጣችሁ እንደገና ፎቶ አንሡት። ማኅተሙ፣ ቀኑ፣ የታዘዘው ሕክምናና የተገመተው ወጪ ከታየ ለለጋሹ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጠራጠር ሰው የሚሻለው ማስረጃ፣ ዋናውን ወረቀት የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ አይተው ማረጋገጣቸው በገጹ ላይ መጻፉና የማኅበሩ ስልክ አብሮ መቀመጡ ነው።

ዘመዶቻችሁ የሠጉት በከንቱ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል። ከሕጉም በላይ ልጁ ነገ ያድጋል፤ አድጎ ስሙን በጉግል ሲፈልግ የሕመሙን ወረቀት ማግኘት የለበትም። ፎቶውም ፊቱን ጎላ አድርጎ ከሚያሳይ፣ የእናቱን እጅ ይዞ ከጎን የተነሣው ቢሆን የወላጆቹን ፍላጎት ሳይጎዳ የልጁን ክብር ይጠብቃል። የወላጆቹን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ገንዘቡ ከሚያስፈልገው በላይ ቢሰበሰብ ወይም ሕክምናው ቢቀር ምን እንደሚደረግበትም በገጹ ላይ አሁኑኑ ይጻፍ፤ በኋላ ለቤተሰቡ ከባድ በሆነ ቀን ያንን ከመነጋገር ያድናችኋል። ሕክምናው ሲያበቃ ይህን ገጽ ዝጉት፤ የተሰበሰበውን መጠንና ምስጋናውን በማኅበሩ ሪፖርት ውስጥ ያለ ስም መግለጽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። አንዱን የአድሚን ፓስወርድ ስድስት የኮሚቴ አባላት በቴሌግራም ግሩፕ ተካፍለን እንጠቀማለን። ከአባላቱ መካከል የተጠናቀቀውን የጣሪያ ሥራ ገጽ እናጥፋው የሚሉ አሉ። እንዴት ይታያል?
ገንዘብ ያዥ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ በመጀመሪያ ፓስወርዱን ዛሬ ቀይሩት። ገንዘብ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ላይ ትልቁ አደጋ አንድ ሰው ገብቶ የሒሳብ ቁጥሩን በሌላ መተካቱ ነው። ዎርድፕሬስ በገጹ ላይ የተደረገውን ለውጥ ማን እንዳደረገው ይመዘግባል፤ ስድስት ሰው በአንድ ስም ሲገባ ግን ያ መዝገብ ማንንም አያሳይም፣ ንጹሑም ሰው ከጥርጣሬ አይወጣም። አድሚን ሁለት ሰው ብቻ ይሁን። ገጾቹን የሚያድሱት በኤዲተር ደረጃ የየራሳቸው መግቢያ ይሰጣቸው፤ ከዚያ በታች ያለው የጸሐፊ ደረጃ ዜና ማውጣት እንጂ ቋሚ ገጾችን ማረም አያስችልም። የድረ ገጹ ስምና የሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ) ክፍያውም በልጁ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ ከሆነ፣ ባለውለታችሁን አመስግናችሁ ወደ ማኅበሩ ኢሜይል አዙሩት።

የጣሪያውን ገጽ አታጥፉት። ለሚቀጥለው ሥራ ከምታሳዩት ማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ከሜኑው አውጡትና «የተጠናቀቁ ሥራዎች» በሚለው ገጽ ላይ ሊንኩን አኑሩት፤ አድራሻው ግን አይቀየር። በመጀመሪያው መስመር ሥራው መጠናቀቁንና ቀኑን፣ ቀጥሎ የተሰበሰበውን፣ የወጣውንና የተረፈውን ገንዘብ ጻፉ። የተረፈው ወደ የትኛው ሥራ እንደ ተዛወረም ውሳኔው በቃለ ጉባኤ የተያዘበትን ቀን ጠቅሳችሁ ግለጹ። የመዋጮ ቅጹን ከገጹ ላይ ከማንሣታችሁ በፊት፣ በየወሩ እንዲቆረጥባቸው የተስማሙ ለጋሾች መኖራቸውን ፈትሹ። ቅጹን ማንሣት ወይም ገጹን መሰወር ብቻውን ወርሃዊውን ክፍያ አያቆመውም፤ ለእያንዳንዳቸው ጽፋችሁ፣ ክፍያው እንዲቆም ወይም ወደ አዲሱ ሥራ እንዲዛወር የሚፈልጉ መሆናቸውን ጠይቁ፣ እንዲቆም ያሉትንም በክፍያ አቅራቢው በኩል አስቁሙላቸው።